አንድ ዓይን ብቻ የሚያነሳ ሌንስ

ውድ የቀድሞ ባለቤቴ፣

«ውድ» ያልኩህ ወድጄህ አይደለም። ደብዳቤ በሌላ ቃል መጀመር ስለማላውቅ ነው። በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። አንተ ግን ሰው ሲደውልልህ ኮምፒውተር ላይ ፎቶ እያጎላህ «እህ፣ እህ» ትላለህ እንጂ አትሰማም። የተጻፈ ነገር ግን ታነባለህ፤ ስለ አንተ ከሆነማ ሁለት ጊዜ ታነባለህ።

ሃምሳ የሚባለው የካሜራ ሌንስህ ቤታችን የገባ ቀን ትዝ ይልሃል? ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ «እጅሽን ታጠቢ» አልከኝ። ልታስይዘኝ ነው ብዬ ታጠብኩ። ለካ ከሩቅ ለማየትም መታጠብ ያስፈልጋል። በስስ ጨርቅ ስትወለውለው፣ ወደ መስኮቱ ስታዞረው፣ እፍ ስትልበት አመሸህ። ቀዳዳው ወለል ብሎ ሲከፈት አንድ ነጥብ ሁለት ይደርሳል፣ ብርሃን እንደ ውሃ ይጠጣል፣ ከሰው ጀርባ ያለውን ኮተት ሁሉ ጉም ያደርገዋል አልከኝ።

እውነትህን ነው፤ ሁሉን ጉም አደረገው። ከዚያ ቀን ወዲያ ቤታችን ውስጥ ሙሉ ፊት ያለው ሰው ጠፋ። የኔ ፎቶ ተብሎ ሳሎን የተሰቀለው አንድ ግራ ዓይን ነበር። ቀኙ ደብዝዟል፣ የጆሮዬማ ወሬውም የለም። የእህቴ ልጅ ልደት ላይ ተጋብዘህ አንድ ሻማ አንስተህ መጣህ። ልጅቷ ከሻማው ጀርባ ቢጫ ድቡልቡል ሆናለች። እህቴ በጨዋነት ልጄ የትኛዋ ናት ብላ ብትጠይቅህ፣ ስሜቱን እዪው እንጂ ብለህ ገሰጽካት።

ቀዳዳውን ትንሽ ብታጠበው ሁላችንም እንታይ ነበር ብዬ የተናገርኩት ያኔ ነው። መቼም የምሠራው ጉርድ ፎቶ ቤት ነው፤ እኔ ዘንድ የሚመጣ ሰው ሁለቱም ጆሮዎቹ ካልታዩ ማመልከቻውን ይመልሱበታል። ይህን ሌንስ አጥብቦ ማንሳት በሬ አርዶ ጭራውን እንደ መብላት ነው አልክ። ለጓደኞችህም «ሚስቴ የጉርድ ሰው ናት» ብለህ አሳቅሃቸው። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ።

እኔን የናቅከኝን ትቼዋለሁ። የእናቴን ግን አልተውልህም።

እማዬ ወገቧን ታማ እኛ ጋ ስትመጣ እንደ ልጇ ተቀበልካት። ሻንጣዋን ተሸከምክ፣ ወንበሯን መስኮቱ ሥር አስጠጋህላት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለእህቴም ደውዬ አወራሁላት። ለካ ወንበሩ የተጠጋው ለወገቧ ሳይሆን ለብርሃኑ ነው። የፊቷ መስመር ሌንሱ ምን ያህል አጥርቶ እንደሚያይ ይመሰክርልሃል። አነሳሃትና የሌንስ ነገር የሚያንገበግባቸው ሰዎች በሚሰበሰቡበት ገጽ ላይ ለጠፍካት። እሷ የገባት ብዙ ሰው ፎቶዋን ማየቱ ብቻ ነው።

«ሰዎቹ ምን አሉ?» አለችኝ።

ስልኬን ከፈትኩ። አንዱ የፀጉሯ ጠርዝ ላይ ሐምራዊ ቀለም ወጥቷል ይላል። ሌላው ቆዳዋ ለስልሷል፣ ለዚህ ዓይነት ሌንስ ያሳፍራል ይላል። ሌላው ደግሞ ጉንጯን በቀይ ከብቦ ከሌላ ሌንስ ጋር አወዳድሮታል። እማዬ መነጽሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች። «ደስ የሚሉ እናት ናቸው፣ ዕድሜ ይስጣቸው ብለዋል» አልኳት። አሜን አለች። ሌላ ፈጠርኩላት፤ እሱንም አሜን አለች። አንተ እዚያው ጠረጴዛህ ላይ ነበርክ። ሰምተሃል፣ ቀና እንኳ አላልክም።

ደፍራ እንደገና እንድታነሳት ጠየቀችህ። ቅዳሜ፣ ብርሃኑ ጥሩ ከሆነ አልካት። ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሯን አሳጠበችኝ። ትምህርት የጨረስኩ ዕለት የለበሰችውን ሰማያዊ ቀሚስ አውጥታ ለበሰች፤ ቁልፎቹን ጣቷ እምቢ ስላላት እኔ ቆለፍኩላት። ከምሳ በኋላ ቀሚሱ እንዳይጨማደድ ጀርባዋን ሳታስደግፍ ተቀመጠች፤ በዚያ ወገቧ።

መጣህ። የካሜራውን ማቆሚያ ከወንበሯ አጠገብ ተከልክ። እማዬ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ አገጯን ቀና አደረገች። አንተ ካሜራውን ወደ መስኮቱ አዞርክና ከመንገዱ ማዶ ያለውን የሸክላ ግንብ ማንሳት ጀመርክ። የሸክላው መስመር የሌንሱ ጥግ ጥጉ መጥራቱን ያሳያል፤ ይህን ነግረኸኛል። ቀዳዳውን ትቀይራለህ፣ ግንቡን ታነሳለህ። ደግሞ ትቀይራለህ፣ ደግሞ ግንቡን። እማዬ ተራዋ እስኪደርስ በጎን ፈገግ እንዳለች ቆየች።

በመጨረሻ ዞረህ አየሃት።

«እማማ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፤ ጥላዎ መስታወቱ ላይ ይወጣል።»

ወገቧን ይዛ ተነሳች። ወንበሩንም ራሷ ጎተተች፤ እኔ ከጓዳ ደርሼ እስክቀበላት አንተ ግንብህን ታነሳ ነበር። ይቅርታ ጠየቀችህ፤ እሷ አንተን።

ስልክህ ጠርቶ ኮሪደር ስትወጣ ካሜራውን ነቀልኩት። ቀዳዳውን አጥብቤ ስምንት ላይ አድርጌ አነሳኋት። ተመልሰህ ከእጄ ስትቀማኝ መጀመሪያ ያየኸው ቁጥሩን ነው። «በስምንት?» አልከኝ። ፎቶውን አላየኸውም። የጣቴን አሻራ ግን በጨርቅህ ስትጠርግ አየሁህ። ፍርድ ቤት የሄድነው ቆይቶ ቢሆንም እህል ውሃችን ያለቀው እዚያ ላይ ነው።

ፎቶው ጥሩ አይደለም፤ ትንሽ ተንቀሳቅሷል። ግን እማዬ አለች፣ ወንበሩ አለ፣ መድኃኒቷ አለ፣ ሁለት ጆሮዎቿም አሉ። ከካሜራህ ቀድቼ ሥራ ቦታ አትሜላት፣ አልጋዋ ራስጌ አስቀምጣዋለች።

ይህን ሁሉ ቀብሬው ነበር። ሰሞኑን ግን ፎቶ ቤት አብራኝ የምትሠራው ልጅ ስልኳን ይዛ መጣችና «እነዚህ እናትሽ አይደሉም?» አለችኝ። ከሌንሱ ጋር ስላሳለፍካቸው ዓመታት ረጅም ጽሑፍ ጽፈሃል። ሌንሱ ሰውን መውደድ አስተማረኝ ብለሃል። እዚህ ላይ ሳቄ መጣ። ከዚያ ዝቅ ስል የእማዬ ፎቶ፣ ከሥሩም «ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያረፉት አማቴ በመጨረሻው ብርሃናቸው» የሚል አገኘሁ።

ማን ነገረህ? ወይስ ያለ ሞት ጽሑፉ አላምር አለህ? መሞቷን አምነህ ከሆነ ለቅሶ አልደረስክም። አለመሞቷን እያወቅክ ከሆነ ደግሞ በቁሟ ቀብረሃታል። የቱ እንደሚያምርብህ አንተው ምረጥ። አንዱ አንባቢህ ነፍስ ይማር ካለ በኋላ ቀዳዳው በስንት ነበር ብሎ ጠይቆሃል። ለነፍስ ይማሩ ዝም ብለህ፣ በአንድ ነጥብ ሁለት ብለህ መልሰህለታል።

የአክስቴ ልጅ ይህንኑ አይታ እያለቀሰች እኔ ጋ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው እማዬ ናት። ማን ሞቶ ነው ብላ ብትጠይቃት ልጅቷ ይባስ ጮኸች። ነገሩን ለእማዬ አስረዳኋት። ትቆጣለች ወይም ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ምስኪን» አለች በመጨረሻ። «ለካ አልቅሶልኝ ኖሯል።»

እንዳላለቀስክ ግን አልነገርኳትም። አንተን ፈርቼ እንዳይመስልህ።

አሁን የምልህ አጭር ነው። ፎቶዋን አንሳ። ከገጹ ላይ አውርድ ማለቴ ነው፤ ማንሳትማ ድሮም አልቻልክበትም። ከሥሩም ሴትዮዋ በሕይወት አሉ ብለህ ጻፍ። ወገቧም ተሽሏት ደረጃ መውጣት ጀምራለች።

ይህን ስጽፍ እማዬ አጠገቤ ናት። ለማን እንደሆነ ነገርኳት። «አልሞትኩም፣ አይዘን በይልኝ» አለች።

መልእክቷን አድርሻለሁ። ከእኔ የሚደርስህ የለም።

የሴትዮዋ ልጅ