ቀይ ክሩን ፍቺው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤ የያዝሽው ይባረክልሽ፣ የረገጥሽው ይለምልምልሽ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽም ጉልበት ተሽሎታል።

እኔ የምልሽ፣ ይቺ በደወልሽ ቁጥር የምትያት «ራሽ» ምንድን ናት? ጎረቤታችንን የእንግሊዝኛ አስተማሪውን ጠየቅኩት። «ጥድፊያ ነው፤ ሰው ሲሮጥም፣ ውሃ ጥሶ ሲወርድም፣ ገበያተኛ ባንዴ ሲግተለተልም ይባላል» አለኝ። ታዲያ አንቺ የትኛው ነሽ?

እኛ ልብስ ስፌት ቤት ለሚያስቸኩል ሥራ ቀይ ክር እናስራለን። በቀደም አክስትሽ ደንበኛው ሁሉ ሲያዋክባት መጋረጃውም ትራሱም ላይ አሰረችና የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ከሥር ተቀብሮ ቀረ። ልትወስድ ስትመጣ እጅጌ እንኳ አልነበረውም! እያለቀሰች እላይዋ ላይ ሰፋንላት። ያኔ አንቺን አሰብኩ፤ ሁሉም ነገርሽ ላይ ቀይ ክር አለ።

አባትሽ እንደምታውቂው ይንተባተባል። ገና «ል... ል...» ሲል «ራሽ ላይ ነኝ» ብለሽ ትዘጊበታለሽ። ምን ልትላት ነው ብዬ ብጠይቀው ለእኔም አይነግረኝም።

እግዜር ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። እሑድ ስትደውይ ቀይ ክሩን ፍቺና ቁጭ በይ። እስኪጨርስ ጠብቂው፤ ከዚያ ምን እንዳለሽ ለእኔም ንገሪኝ።

እናትሽ