የሴቶቹ በር

አሶሳ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለሰራዊት፣

እንደምን ከርመሃል? የጁባ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔ ጉልበቴ ከማስቸገሩ በቀር ደህና ነኝ። ስልክ ላይ ገና "ሚስትህ" ብዬ አፌን ስከፍት ትዘጋብኛለህ። ስለዚህ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በተማርኳት ፊደል ጻፍኩልህ። የሚያደርስልህ ዳምጠው ሾፌሩ ነው፤ የእርዳታ ዕቃ ጭኖ ወደዚያው ይሄዳል። ደብዳቤ እንደ ስልክ አይዘጋምና እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ።

የቤተ ክርስቲያናችንን የሴቶች በር የምጠብቀው እኔ እንደነበርኩ ታውቃለህ። ሱሪ የለበሰችውን እመልሳለሁ፤ ነጠላዋን እንደ ሻርፕ አንገቷ ላይ የጣለችውን አስከናንባለሁ፤ ጥፍሯን የተቀባችውንም መግቢያ እስኪጠፋት አሳፍራታለሁ። በወንዶቹ በኩልማ ጉድ ነው። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በመንገድ ሲያልፍ እንኳ ከሩቅ ባርኔጣውን አውልቆ ነበር የሚሳለመው። ዛሬ ጎረምሳው ኮፍያውን ወደ ኋላ አዙሮ፣ ጆሮው ውስጥ ሽቦ ወትፎ ቅጥሩን ያልፋል። "ኮፍያህን!" ስትለው "ፀጉሬ ይበላሻል፣ ማዘር" ይላል። ማዘር ይበለኝ እንጂ! እንግዲህ ከወሎ በሠፈራ ስንመጣ ይዘነው የመጣነው ወግ ከወንዱ ጠፍቷል፣ ከሴቷ እንኳ አይጥፋ ብዬ ነው በሩ ላይ የቆምኩት።

ባለፈው የማርያም ዕለት ያንተዋ ፍሬሕይወት ጥቁር የሱፍ ኮፍያ እስከ ቅንድቧ አጥልቃ፣ ነጠላዋን ከላይ ጣል አድርጋ መጣች። በዚህ በአሶሳ ሙቀት! ሴት ልጅ በወንድ ኮፍያ! ሴቶቹ ሁሉ እኔን ያያሉ። የሰው ልጅ ስመልስ ኖሬ የራሴን ምራት ባሳልፍ ምን እባላለሁ?

"አውልቂ" አልኳት።

"እማዬ፣ የዛሬን ይለፉኝ" አለች ቀስ ብላ።

"ሥርዓቱ ለአንቺ አይሠራም?"

"ቤት ስንገባ እነግርዎታለሁ። በማርያም፣ የዛሬን ብቻ።"

በማርያም መለመኗ ይባስ አናደደኝ። ኮፍያውን ላጥ አደረግሁት።

ልጄ፣ ራሷ ላይ አንዲት ፀጉር የለችም፤ እንደ መዳፌ ልሙጥ ነው። ሴቶቹ "ኡ!" አሉ። እኔ የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። በእኛ አገር ሴት ራሷን የምትላጨው ባሏ ሲሞትባት ነው። አንተ ጁባ ላይ ቁመህ እየሄድክ! "ልጄ ሳይሞት ለማን ነው የተላጨሽው? ሟርተኛ!" አልኳት። ድምፄን ታውቀዋለህ፣ ቅዳሴውን አልፎ ወንዶቹ ጋ ደረሰ። አላለቀሰችም። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና ወጣችና ግንቡን ተደግፋ ቁጭ አለች። ያቺ የእድር ጓደኛዬ የሻረግ የራሷን ነጠላ አውልቃ አከናነበቻት። ለታይታ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ ቄስ አለነ ሲጠይቋት "መድኃኒቱ ነው ያረገፈው፣ አባ" አለች። የጡት ካንሰር ነው። አዲስ አበባ ልብስ ላመጣ ነው እያለች የምትመላለሰው ለሕክምና ኖሯል። ስትመለስ የወጥ ሽታ እያስመለሳት የምትተኛውንም እኔ ስንፍና ነበር የምለው። ብትነግረኝ ኖሮ አልነካትም ነበር፤ ጥፋቱ መደበቋ ነው። ያን ዕለት ማታ "ሰራዊት እንዳይሰማ፣ ሥራውን ጥሎ ይመጣል" ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። እሺ አልኳት።

እሺ ያልኩት ግን በሩን እንደሚነሱኝ ሳላውቅ ነው። ቄስ አለነ በሰው ፊት "የታመመች ሴት ራስ የገለጠ እጅ በር አይጠብቅም" ብለው ቦታዬን ለየሻረግ ሰጧት። አሁን እሷ ሁሉንም "ግቡ፣ ግቡ" እያለች ታስገባለች። ፍሬሕይወትማ ይቅር ብላኛለች፣ ያውም ሳልጠይቃት! "ይተዉት እማዬ፣ አልተቀየምኩዎትም" ስትለኝ እንዴት እንዳበሸቀችኝ አትጠይቀኝ። ቄሱ ግን የእሷ ብቻ አይበቃም፣ ባሏም ይቅር ይበልሽ አሉ። የምጽፍልህ ለዚህ ነው። "እናቴ ሥርዓት ነው ያስከበረችው፣ ይቅር ብያታለሁ" ብለህ ለቄስ አለነ አንድ ወረቀት ጻፍልኝ። ከኅዳር ጽዮን በፊት ይድረስልኝ። ለንግሡ እንግዳው ብዙ ነው፣ የሻረግ አትችለውም።

ፍሬሕይወት አሁን ከአልጋ አትወርድም። የጎረቤታችን ልጅ ጤናዬ፣ ጾሬ የስደተኞች ካምፕ ክሊኒክ ነርስ የሆነችው፣ ከሥራ ስትመለስ ጎራ እያለች ታያታለች። ትናንት ወደ ጓዳ ጠርታኝ "እማማ የዝናሽ፣ ሐኪሞቹ ከእንግዲህ አታመላልሷት ብለዋል። ልጅዎን ዛሬውኑ ይጥሩት" አለችኝ። ፍሬሕይወትም አትንገሩት ማለቱን ትታለች። በሩ በተንኳኳ ቁጥር "ሰራዊት ነው?" ትላለች። ነፋስ ነው እላታለሁ።

እኔ ግን ና አልልህም። ከመጣህ ታያታለህ፤ ካየሃት ደግሞ ያን ወረቀት አትጽፍልኝም፣ አውቅሃለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀቱን ላክ። ስለ እሷ አትስጋ። የሆነው ቢሆን ግንዘቱንም ቀብሩንም አገር እስኪያወራው ድረስ በወግ በሥርዓቱ አስደርጋለሁ። አንተ ሥራህን ሥራ።

ማርያም በሄድክበት ሁሉ ትከተልህ። ከባዕድ አገር ክፉ ዓይን ትሰውርህ፤ እግዜር እንጀራህን ያብዛልህ፤ እኔንም ሳታሳፍረኝ ለመቃብሬ ያብቃህ።

የምትሳሳልህ እናትህ፣
የዝናሽ

ዳምጠው ወረቀቱን ሳይቀበል እንዳይመለስ ነግሬዋለሁ።