ሊቀ መንበራችን ስለለበሱት የአማቴ ኮት

ናዝሬት፣ መጋቢት 1972 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ለጓድ መርዳሳ

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ እንደምን ሰንብተዋል? በተለይ ጀርባዎና ብብትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ይህን የምጠይቀው ደፍሬዎት ሳይሆን፣ ባለፈው እሑድ በጠራራ ፀሐይ ሰፊው ሕዝብ በካናቴራ እየቀለጠ እርስዎ ወፍራም የሱፍ ኮት እስከ ደረትዎ ቆልፈው ያንን ረጅም ንግግር ሲያሰሙ፣ ላብዎ ከግንባርዎ እስከ አገጭዎ ሲወርድ አይቼ ስለሰጋሁልዎ ነው። ፈጣሪ ጤናዎን ይጠብቅልን፤ ኮቱንም አብሮ ይጠብቅልን።

እኔ የዚሁ ቀበሌ ነዋሪና የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ይህንን ደብዳቤ በቀበሌው የግድግዳ ጋዜጣ ላይ የለጠፍኩትም፣ በዚያው ስብሰባ እርስዎ ራስዎ፣ ሕዝቡ ሂስ ለማቅረብ አይፍራ፣ ያመመውን ጽፎ ይለጥፍ ብለው ስለፈቀዱልን ነው። እኔን ያመመኝ ኮቱ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ ባጭሩ ላስረዳ። እጮኛዬ ኢፍቱ የቡልቡላ ልጅ ናት። በእነሱ ቤት ደንብ ሙሽራው ለልጅቷ አባት ኮት ይወስዳል፤ ኮቱ ባባትየው ትከሻ ላይ ካረፈ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው፤ ኮቱን የለበሰ ሰው ደግሶ፣ መርቆ ይሸኛል እንጂ ወደ ኋላ አይልም። አባቷ ኦቦ ፈይሳ ግን ማንኛውንም ኮት የሚቀበሉ ሰው አይደሉም። በጎልማሳነታቸው ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ እርሻ ለነበረው አንድ እንግሊዛዊ ፈረስ ይጠብቁለት ነበርና፣ የሚሹት የዚያን ሰውዬ ዓይነት ኮት ነው፤ ሱፉ እንደ ደረቀ ሣር ቡናማና አረንጓዴ የተቀላቀለበት፣ ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት፣ ቁልፎቹ ከቆዳ የተጎነጎኑ፣ ፈረስ ላይ ሲቀመጡበት እንዳይጨማደድ ከኋላው የተሰነጠቀ። እንግሊዛዊው አገሩ ሲገባ ትቼልህ እሄዳለሁ ብሏቸው ነበር፤ ለብሶት ሄደ። ይኸው እስከ ዛሬ ያ ኮት ከዓይናቸው አልጠፋም። ሽማግሌ ስልክባቸው የመለሱልኝ፣ ኮቲን ዮ ሂንጂሬ ኢንታሊስ ሂንጂርቱ፣ ኮት ከሌለ ልጅም የለች ብለው ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ እርስዎ በበላይነት ለሚመሩት የኅብረት ሱቅ ያለኝን አድናቆት መግለጽ እወዳለሁ። የሱቁ ሠራተኛ ወይዘሮ ዘርፉ የእንግሊዝ ባላገር የሚለብሰውን የሱፍ ኮት እንዳላቸው ብጠይቃቸው፣ በትዕግሥት ካኪ አሳዩኝ፤ ሌላ ቀለም ብላቸው ሌላ ካኪ አሳዩኝ፤ ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የእኔ ልጅ ይህንን የባላባት ልብስ ስም ሰው ፊት አትጥራ ብለው እንደ እናት መከሩኝ። ባዶ እጄን እንዳልወጣ ብዬ ለሽማግሌው ቢያንስ ቦት ጫማ ልግዛ ብል የመጣው ሁሉ የግራ እግር ነበር። ቀኙ በሚቀጥለው ዕቅድ ይመጣል ተብያለሁና በተስፋ እየጠበቅሁ ነው።

ሁለተኛ፤ ከሱቅዎ ያጣሁትን ፍለጋ ስንከራተት አገሬን እንዳውቅ ስላደረጉኝ ባለውለታዬ ነዎት። ላንጋኖ ድረስ ወርጄ ከሆቴሎቹ ደጃፍ ቆሜ ፈረንጅ ስጠብቅ ዋልኩ፤ ከወዳጅ አገሮች የመጡት እንግዶቻችን ግን ከቁምጣ በቀር የለበሱት የለም፤ ቁምጣ ደግሞ ላማት አይሰጥም። ተስፋ ቆርጬ ተመልሼ፣ ገበያ ውስጥ ያለው ልብስ ሰፊ ራህመቶ ከግራጫ ብርድ ልብስ ኮት አስመስሎ ሰፋልኝ፤ እግዜር ይስጠው፣ እጁስ ጥሩ ነበር። ኦቦ ፈይሳ ጫፉን በሁለት ጣታቸው አሸት አድርገው ሳቁና፣ ብርድ ልብስ ለብሼ ብድራት፣ ፈይሳ ተኝቶ ልጁን ዳረ ይሉኛል ብለው መለሱልኝ። እኔ እንዳፈርኩ ያፈረ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ኩየራ ያለ አለማየሁ የሚባል ወዳጄ፣ አንድ እንግሊዛዊ መምህር አገሩ ሊገባ ዕቃውን እያከፋፈለ ነው ብሎ ላከብኝ። በርሬ ሄድኩ። ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ሳየው አውርጄ አገላበጥኩት፤ ሱፉ፣ የክርኑ ቆዳ፣ የኋላው ስንጥቅ፣ ሁሉም ሽማግሌው እንዳሉት ነበር። ከላይ ሦስተኛው ቁልፍ ብቻ ጎድሎት ነበር። ብስክሌቴን ሰጥቼ ወሰድኩት፤ ስለዚህ አሁን ትምህርት ቤት የምሄደው በእግሬ ነው፤ ለእግሬም ቅሬታ የለኝም። ለጎደለው ቁልፍ ራህመቶ ከራሱ ዕቃ ጥቁር ቁልፍ ተከለበትና፣ ኮቱን በጋዜጣ ጠቅልዬ ሳጥኔ ውስጥ አስቀምጬ ያን ሌሊት እንደ ሕፃን ተኛሁ። በማግስቱ የቀበሌው ጥበቃዎች ለአሰሳ ገቡ። መሣሪያ ፈልገው ኮት አገኙ። አንድ የመንግሥት አስተማሪ የእንግሊዝ ኮት ምን ያደርግለታል ተባለ፤ ለአማቴ ነው ብል አማትህ እንግሊዛዊ ነው ወይ ተባልኩ፤ ኮቱም ለምርመራ እርስዎ ዘንድ ቀረበ።

እነሆ ምርመራው በጥልቀት እየተካሄደ መሆኑን ባለፈው እሑድ ከሕዝቡ ጋር ተመልክቻለሁ። ከላይ ሦስተኛው ቁልፍ ጥቁር ነው፤ ሊቀ መንበር ሆይ፣ ቁጭ ብዬ ከንግግርዎ ይልቅ እሱን ነበር የማዳምጠው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚሉ ክፉ አንደበቶች አጠገቤ ተቀምጠው ነበር፤ እኔ ግን፣ ለሕዝብ ደኅንነት ሲሉ የባላባት ልብስ ምን ያህል እንደሚያቃጥል በገዛ ገላቸው እየፈተኑልን ነው ብዬ ተሟገትኩልዎት።

አራተኛ ብዬ የምጽፈው ስለ ጽሕፈት ቤትዎ ነበር። ስመጣ ስብሰባ ላይ ነዎት፤ ስመለስ ከስብሰባ ወጥተው ሌላ ስብሰባ ገብተዋል። አልሰሜን ግባ በለው ይላል ያገሬ ሰው። ግን ከዚህ በላይ ማሾፉም አቃተኝ። ጓድ መርዳሳ፣ እኔ ጭንቅ ላይ ነኝ። ኮቱ ከቀረበ ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ ነው ተብሏል፤ አንድ የሻሸመኔ ነጋዴ ደግሞ ኢፍቱን ለራሱ ፈልጎ ኮቱን ከባሕር ማዶም ቢሆን አስመጣለሁ እያለ በኦቦ ፈይሳ ደጅ መመላለስ ጀምሯል። ኢፍቱ እኔን እንጂ ኮት አልጠየቀችም፤ ነገር ግን ያለአባቴ ምርቃት ከቤት አልወጣም ብላ አልቅሳ ነግራኛለች፤ እውነቷን ነው። እህል አልበላ ብሎኛል፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጀምሬ የተውኩትን ዓረፍተ ነገር የሚጨርሱልኝ ተማሪዎቼ ናቸው። ይህንን ከለጠፍኩ በኋላ ምን እንደሚደርስብኝ አላውቅም፤ እሷን ካጣሁ በኋላ ግን የሚያስፈራኝ ነገር የሚቀረኝ አይመስለኝም።

የሱፍ ጠረን ከላብዎ ጋር ተዋህዶ ሥልጣንዎን እንዲያሞቅልዎ፣ ነፋስም ከኮቱ በስተጀርባ ባለው ስንጥቅ በኩል እንዲጎበኝዎ እየተመኘሁ፣ ከአክብሮት ሁሉ በላይ በሆነ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

ኮቱ ወይም ሞት!

አምባዬ ፉፋ
ሙሽራ ሊሆን የነበረ

ሳልረሳው፦ ኮቱ በእርስዎ ትከሻ ላይ መዋሉን ኦቦ ፈይሳ ሰምተዋል። ይቆጣሉ ብዬ ስፈራ፣ እሳቸው ግን ደንብ ደንብ ነው፣ ኮቱን የለበሰ እሱ የልጅቷ አባት ነው፣ እንግዲህ እሱ ይደግስ ብለው ፈረዱ። ስለዚህ ኢፍቱ ከእናቷና ከዘመዶቿ ጋር በሠርጉ ዋዜማ እርስዎ ቤት ታድራለች፤ ሙሽራ የምትወጣው ካባቷ ቤት ነውና። እኔም ዘመዶቼንና የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼን በሙሉ አስከትዬ እየዘፈንን እንመጣለን። ለድግሱ በሬ ያስፈልጋል፤ ከኅብረት ሱቁ ያዘዙት እንደሆነ ግራ ጎኑ ብቻ እንዳይመጣ ወይዘሮ ዘርፉን አደራ ይበሉልኝ። ይህ ሁሉ ከከበደዎት ኮቱን ወደ ቡልቡላ መላክ ይቻላል። ካልከበደዎት ግን የዚያን ዕለት ሌላ ልብስ እንዳይለብሱ፤ የሙሽራዋን አባት በምን እንለያለን?