የተክለ ማርያም ሕመም

ግንቦት 3፣ ጠዋት
ዛሬም ቢጫ። የዝግባ ችግኞቼን አጠጣሁ፣ ጥላ ሠራሁላቸው፣ ለመንኳቸው። ወይ ፍንክች። ደብተሬ፣ ላንተ ብቻ ልንገርህ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። አፈሩ ላይ ሻጋታ አየሁና በሽታ ነው ብዬ በበርሜል ክዳን ላይ ቆላሁት። እንደ ገብስ። ውሃ አጠጪው ኦቦ ቱፋ ተይ ብለውኝ ነበር።

ግንቦት 3፣ ከሰዓት
ስልኬ ላይ አነበብኩ። ከሻጋታው ጋር በዓይን የማይታየውንም የአፈር ፈንገስ ፈጅቼዋለሁ። እሱ ከዛፉ ሥር ጋር ተጣብቆ፣ ሥሩ የማይደርስበትን ምግብ እያመጣ ያቀብላል፤ ዛፉም ስኳር ያካፍለዋል። ሞግዚቷን ቆልቼ ሕፃኑን ለምን አትወፍርም እለዋለሁ። ዲፕሎማ ስማር ተምሬዋለሁ እኮ፤ ለፈተና ብቻ።
ሰኔ አጋማሽ የመ/ቤቱ ሰዎች ይመጣሉ። ችግኞቹ ካልዳኑ የችግኝ ጣቢያው ለባሕር ዛፍ፣ እኔ ወደ ቤቴ።

ግንቦት 5
ኦቦ ቱፋ፣ ካረጀ ዝግባ ሥር አፈር አምጪ አሉ። ያረጀ ዝግባ የቀረው ቤ/ክ ቅጥር ውስጥ ነው። ጆንያ ይዤ ገባሁ። ሁለት እፍኝ ሳልዝቅ አባ ከኋላዬ። እምነት ልወስድ የመጣሁ መሰላቸው፣ በሽተኛ የሚቀባውን የደብር አፈር። ማን ታሞ ነው? ልጄ፣ አልኩ። የክርስትና ስሙስ? አፌ ላይ የመጣው፦ ተክለ ማርያም። ተክል አይደል እንዴ?
በጸሎት አስበዋለሁ አሉና ጆንያውን ራሳቸው ሞሉልኝ። አፈር ተሸክሜ አፈርኩ።

ግንቦት 20
በየችግኙ ከረጢት ከደብሩ አፈር አንድ አንድ እፍኝ ከጨመርን ቆየን። ለውጥ የለም። ገበያ ላይ አባን አገኘኋቸው። ተክለ ማርያም ምግብ ይቀምሳል ወይ? ውሃ ብቻ። ቆሞ ይሄዳል? መቆሙንስ ቆሟል። በጣም አዘኑ። ሱባዔ እገባለታለሁ አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

ሰኔ 14
ደብተሬ፣ አረንጓዴ ናቸው። ሁሉም። አንዱን ነቅዬ አየሁ፤ ሥሩ ላይ ጥቃቅን ዶቃ የመሰለ እብጠት፣ ፈንገሱ ቤት የሠራበት። አለቀስኩ። ኦቦ ቱፋ፣ ይሄንንም ልትቆዪው ነው? አሉኝ።

ሰኔ 16
ሰዎቹ አዩ፤ ጣቢያው ይቀጥላል። ደስታዬ ግማሽ ቀን ቆየ። አባ መልእክት ልከውብኛል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ማኅበርተኛውን አስከትለው፣ ጸበልና ዳቦ ይዘው ተክለ ማርያምን ሊጠይቁ ይመጣሉ። ቤቴ ልጅ የለም። ባልም የለም።

ሰኔ 17
ወሰንኩ። እነሱ ሳይመጡ፣ ነገ ጠዋት ትልቁን ችግኝ አቅፌ እሄዳለሁ። አባ፣ ይኸው ዳነ እላቸዋለሁ። እዚያው ከእናቱ፣ ካረጀው ዝግባ ጎን ይተከል።
ጆንያውንም እይዛለሁ። ምናልባት ካልተቆጡ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ወንድሞቹም እምነት ይሞሉልኛል።