ስድስት እርምጃና አንድ የተነሣ እግር፦ የወይዘሮ አፖሊና ኪኒ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አፖሊና ኪኒ ከአባታቸው ከአናጢው ከአቶ ኢናስ ኪኒና ከእናታቸው ከወይዘሮ ናታሊና ቫዝ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1909 ዓ.ም. በቦምቤይ፣ ባንድራ፣ ዛሬ አስከሬናቸው በወጣበት ቤት ተወለዱ። ዕለቱ የሰማዕቷ የቅድስት አፖሎኒያ በዓል ስለነበር እናታቸው “ስም ፍለጋ አልደከምንም” ይሉ ነበር።

በሰፈሩ በሚገኘው የደናግል ትምህርት ቤት እስከ አምስተኛ ክፍል ተምረዋል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ስጉ ነበሩ። በሩ መቆለፉን ሦስት ጊዜ ሳያዩ አይተኙም። ተናዝዘው ከወጡ በኋላ “አንድ ረስቻለሁ” ብለው ተመልሰው ሰልፍ ይይዙ ነበር።

በ1926 ዓ.ም. አባታቸው ዳዳር በሚባለው የከተማው ሰፈር በነበረ አንድ የፊልም ማንሻ ግቢ ውስጥ የእንጨት ዓምድና በር ይሠሩ ነበር። ወይዘሮ አፖሊና ምሳ ይዘውላቸው በሄዱበት ቀን፣ ልዕልት ሆና የምትሠራው ሴት ሳትመጣ ቀረች። የፊልሙ አዘጋጅ አቶ ካርኒክ ልጅቱን ትክ ብለው አዩና “ኢናስ፣ ይቺ ዓይን ሳትናገር ታወራለች፤ ላሠራት” አሉ።

“ጌታዬ፣ እናቷ ትገድለኛለች።”

“እናቷ ሲኒማ ትገባለች?”

“ኧረ በፍጹም!”

“እንግዲያ ማን ይነግራታል?”

ሆኖም እናትየው በሁለተኛው ወር ሰሙ። ሦስት ቀን ኩርፊያ ሆነ፤ በአራተኛው ቀን “ፀሐይ ላይ ነው አሉ የምትሠሩት፤ በይ ራስሽን ሸፍኚ” ብለው ሻሽ ሰጧቸው። ወይዘሮ አፖሊና “ሚስ ኬታኪ” በሚል ስም በአምስት ዓመት ውስጥ በአሥራ አራት ድምፅ አልባ ፊልሞች ላይ ተጫውተዋል።

ዕድሜ ልካቸውን ያሳሰባቸው ነገር የመጣው በ1929 ዓ.ም. ነው። በአንዱ ፊልም እንደ ሂንዱ ሥርዓት በእሳት ፊት መዳር ነበረባቸው። ቀደም ሲል በሌላ ፊልም ቄስ ሆኖ የተጫወተው ሰው አፉን ዝም ብሎ ሲያንቀሳቅስ ተመልካቹ “ቅጠል ያኝካል!” እያለ ስለሳቀባቸው፣ አቶ ካርኒክ በዚህኛው እውነተኛ የሂንዱ ቄስ ቀጠሩ። ቄሱም “እሳት ፊት ቆሜ የውሸት ቃል አልናገርም” አሉና የጋብቻውን ጸሎት ከመጀመሪያው ጀምረው እውነቱን ደገሙት። ሙሽሮቹ ሰባት እርምጃ አብረው መራመድ አለባቸው፤ ሰባተኛው ሲረገጥ ጋብቻው ጸና ማለት ነው። አምስት ሄዱ፣ ስድስት ሄዱ። ወይዘሮ አፖሊና ለሰባተኛው እግራቸውን እንዳነሡ ደመና ፀሐይዋን ሸፈናት፣ የካሜራው ሰው እጀታውን ማዞር አቆመ፣ “ቁም!” ተባለ። የተነሣው እግር የት እንዳረፈ ግን ልብ ያለው አልነበረም።

ያንን ፊልም በሚያሳየው ሲኒማ ቤት፣ ከመጋረጃው ሥር ተቀምጠው ቫዮሊን የሚጫወቱት አቶ ዛካሪያስ ሚራንዳ ነበሩ። በየእርምጃው አንድ ጊዜ ገመዱን ይስባሉ። ሙሽሪትን መቶ ጊዜ ያህል ከዳሩ በኋላ ባንድራ ድረስ ሄደው ለራሳቸው ጠየቁ።

በ1931 ዓ.ም. የሚናገር ፊልም መጣና የሁለቱም እንጀራ ባንድ ዓመት ተቋረጠ። አቶ ካርኒክ “ፊትሽ የቤተ መንግሥት ነው፣ ድምፅሽ ግን የባንድራ” ብለው አሰናበቷቸው፤ ግቢውም ተዘጋ።

ሠርጋቸው ለፌብሩዋሪ 9 ቀን 1932 ዓ.ም. ተቆረጠ። በማግሥቱ ዐቢይ ጾም ስለሚገባ ያ ቀን ካለፈ እስከ ፋሲካ መጠበቅ ግድ ነበር፤ የሙሽራው እናት ደግሞ “የሲኒማ ሴት” እያሉ ማመንታት ጀምረዋል። እንደ ደንቡ ጋብቻው ሦስት እሑድ በቤተ ክርስቲያን ይታወጃል። በሁለተኛው እሑድ፣ አባ ሲልቨስትር “የሚከለክል ነገር የሚያውቅ ይናገር” ሲሉ ጎረቤታችን ወይዘሮ ሬጂና ተነሡ።

“አባ፣ ይቺ ልጅ እኮ ባል አላት! በእሳት ፊት ስትዳር በዓይኔ አይቻለሁ!”

“የት?”

“ሲኒማ ቤት! ሦስት ጊዜ!”

ሲኒማ ኃጢአት ነው እያሉ ሰፈሩን ያስጨነቁ ሴት ሦስት ጊዜ መግባታቸውን ያስተዋለ አልጠፋም፤ ግን ማንም አልሳቀም። ለሦስተኛው እሑድ የቀረው ሰባት ቀን ብቻ ነበር።

አቶ ዛካሪያስ “ስድስት ነው፤ እጄ ያውቀዋል” ቢሉ፣ የሙሽራ ምስክርነት አይሆንም ተባለ። ማስረጃው ፊልሙ ብቻ ነበር። የተዘጋው ግቢ ፊልሞች ግን ለአምባር ሠሪዎች ተሸጠው ኖሯል፤ ሠሪዎቹ ሥዕሉን አጥበው በውስጡ ያለውን የብር ማዕድን ያወጣሉ፣ የቀረውን እንደ መስተዋት የጠራ ልጥ የሴት አምባር ያደርጉታል። አባትና ሙሽራ አራት ቀን ከአንዱ ሠሪ ወደ ሌላው ሲዞሩ፣ ወይዘሮ አፖሊና እህል አልቀመሱም። ዓርብ ዕለት አንድ ሽማግሌ ሠሪ ከማጠቢያው ገንዳ ጠርዝ ሦስት ክንድ የሚሆን የዚያን የእሳት ሠርግ ጥቅል አነሡና “ይኼ ነገ ነበር የሚገባው” አሉ።

አባ ሲልቨስትር አጉሊ መነጽራቸውን ይዘው፣ ደኅና እንዲታያቸው ፊልሙን ወደ ሻማው አስጠጉት። አቶ ዛካሪያስ “አባ! አባ! እንደ ባሩድ ነው የሚነደው!” ብለው ነጠቋቸው። ካህኑ ከደነገጡበት ሲመለሱ “ልጄ፣ እኔ የምጠይቀው ልብን ነው። ያንን ሰው ለማግባት ፈቅደሽ ነበር?” አሉ።

“ኧረ አባ! ነጭ ሽንኩርት ነበር የሚሸተው!”

“እንግዲያ ጋብቻ የለም። ለሬጂና ስንል ግን እግሩንም እንቁጠር።” በመስኮቱ ብርሃን ቆጠሩ። ስድስት። ከዚያ የተነሣ እግር። ከዚያ ምንም።

ወይዘሮ አፖሊና “አባ፣ እግሬስ የት አረፈ?” ብለው ጠየቁ። “ያልተሣለውን እግዚአብሔር ያውቀዋል” አሏቸው። ይህ ቃል ሌላውን ሰው ያረጋጋል፤ እሳቸውን ያሳሰባቸው ግን እሱ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ተጋቡ፤ በሠርጉ ላይ ፉጊያ የሚባለውን ድቡልቡል የሠርግ ዳቦ የጠበሱት ወይዘሮ ሬጂና ናቸው፤ በኋላም የመጀመሪያ ልጃቸው የክርስትና እናት ሆኑ። አቶ ዛካሪያስ በምድር ባቡር ጽሕፈት ቤት፣ ወይዘሮ አፖሊና ደግሞ በልብስ ስፌት ሠርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አሳደጉ። በየዓመቱ በሠርጋቸው ቀን ባለቤታቸው ቫዮሊኑን ስድስት ጊዜ ስበው ያቆሙና እጃቸውን ይዘረጉ ነበር፤ እሳቸውም አንድ እርምጃ ወደ ባላቸው ይራመዱ ነበር። ይህ እስከ 1974 ዓ.ም.፣ አቶ ዛካሪያስ እስኪያርፉ ድረስ አልተቋረጠም።

ብዙዎቻችሁ ወይዘሮ አፖሊና በቤተ ክርስቲያን ለምን ሻማ እንደማይለኩሱ፣ ሁልጊዜ ሌላ ሰውን “እባክህ ለኩስልኝ” እንደሚሉ ጠይቃችሁናል። ኩራት ነው ያለም፣ ኃጢአት አለባት ያለም ነበር። ሽማግሌው አምባር ሠሪ የዚያን ፊልም መጨረሻ ሳያጥቡ፣ ከነሥዕሉ አጥፈው አምባር አድርገውላቸው ነበር። ወይዘሮ አፖሊናም እሑድ እሑድ ያደርጉት፣ በሌላው ቀን ከምድጃ በራቀ ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጡት ነበር። ነገሩ ይኸው ነው።

ካለፈው ክረምት ጀምሮ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ሰኞ ቆርቆሮውን አስመጡና አምባሩን አጠለቁ። “ይኼን አታውልቁብኝ። ከተጠየቅሁ አሳያለሁ” አሉ።

ልጃቸው “እማዬ፣ እዚያ ደግሞ ማን ይጠይቅሻል?” ብትላቸው፣

“ሬጂና ቀድማኝ ሄዳለች እኮ!”

ማርች 11 ቀን 1987 ዓ.ም. ረቡዕ ጠዋት፣ ቁርባን ተቀብለው፣ በተወለዱ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ሁለት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና አንድ ታናሽ እህታቸው በሕይወት አሉ። በሕመማቸው ላልተለያችኋቸው፣ ዛሬም ለቆማችሁ ሁሉ ውለታችሁን ጌታ ይክፈልልን።

አምባሩ በቀኝ እጃቸው ላይ ነው። ስለዚህ ለስንብት ስትቀርቡ፣ እባካችሁ ሻማችሁን ከሣጥኑ በስተግራ ያዙ።

ያን ቀን ያነሡትን እግር እግዚአብሔር በመልካም ደጁ ላይ ያሳርፍላቸው። አሜን።