ክንዴ ላይ የሚዘገዩ ሰዓቶች

መስከረም 9
ዛሬ ሁለት የእጅ ሰዓት ገጠምኩ። ሞላቸው ከጸጉር ይቀጥናል፤ ወረንጦው ትንሽ ከሳተ በቃ፣ አፈር በላ። እንደ ወርክሾፓችን ደንብ አንዱን አጥልቄው ቤት ገባሁ። የገጠመው ሰው አጥልቆት ሳያድር ለገዢ አይወጣም።
ታናሽ እህቴ ሚጢጢ ሆዷ ገፍቷል። “እታለም፣ ምጥ ሲይዘኝ ከጎኔ ባትኖሪ ወየውልሽ!” አለችኝ። የት እሄዳለሁ? ከእኔ ሌላ ማን አላት?

መስከረም 20
ያጠለቅኩት ሁሉ ይዘገያል። ዛሬ አርባ ደቂቃ! የወርክሾፑ ባለቤት ጋሼ ተቀብለው ጠረጴዛ ላይ አዋሉት... ልክ። “ያንቺ ክንድ ላይ ነው የሚለግመው” ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ጥቅምት 4
ብርዱ ገባ። ለምሳ ልነሳ ቀና ስል ጋሼ በር ሊዘጉ ነው። “ስንጠራሽ አትሰሚም እንዴ?” እኔ እንጃ... ጠዋት የቀዳሁት ሻይ ግን አጠገቤ ይጨሳል።

ጥቅምት 18
ሚጢጢ በር ላይ ጠበቀችኝ። “ሁለት ቀን የት አደርሽ?” ከወንበሬ አልተነሳሁም እኮ! ጋሼ ነክተውኝ ነበር አሉ። “ዓይንሽ ተከፍቷል፤ ገላሽ ድንጋይ።” ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ጥቅምት 19
ሚጢጢ አለቀሰች። “እስክወልድ ሥራውን ተዪልኝ።” እሺ አልኳት፣ የምሬን ነው። አንዲት ሰዓት ብቻ ቀርታኛለች። ያችን ሞላ ከእኔ በቀር ማን ያስገባታል? የግማሽ ሰዓት ሥራ ናት። ነገ ጠዋት ጨርሼ እመጣለሁ።

ሰኔ 2
ቀኑን የነገረችኝ ሚጢጢ ናት።
ሞላዋን አስገብቼ ቀና አልኩ። ስገባ ፀሐይ ነበር፤ ውጭ ዝናብ ይወርዳል። ወርክሾፑ ባዶ። ሚጢጢ በእጇ ጨርቅ ይዛ ፊቴ ቆማለች፣ ጸጉሯ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል።
“መጣሁ” አልኳት፣ “ምጡ ጀመረሽ እንዴ?”
ጨርቁ ከእጇ ወደቀ። የአራት ዓመት የምትሆን ልጅ የሚጢጢ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠች። “እማዬ! አሻንጉሊቷ ተናገረች!”
አራት ሰዎች ሆነው ከወንበሬ ሊያነሱኝ ሞክረው ነበር አሉ፤ ንቅንቅ አላልኩም። ጋሼ ዓምና አርፈዋል። አሁን የወርክሾፑን ቁልፍ የያዘችው ሚጢጢ ናት። በየሳምንቱ እየመጣች አቧራዬን ትጠርጋለች።
“ማን ነበር ከጎንሽ?” አልኳት።
“ማንም። ብቻዬን ወለድኳት።”
አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።