ጋሼ ቆይ እስቲ፣ ከተማሪው ጎን የተቀመጡት

ውድ አባታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ከዳቦ ቤቱ በስተጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ በጥር ወር 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ሙሉ ስማቸው በዚህ ወረቀት ሽፋን ላይ ታትሟል፤ በዚያ ስም ይጠራቸው የነበረው ግን የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። ለተማሪው፣ ለወላጁ፣ ለጎረቤቱ፣ አንዳንዴም ለገዛ ልጆቻቸው «ጋሼ ቆይ እስቲ» ነበሩ። ስሙ ከየት እንደመጣ ዛሬ ብንናገር ቅር የሚላቸው አይመስለንም።

አባታችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ይንተባተቡ ነበር። በሰፈሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል የገቡ ዕለት መምህሩ ስማቸውን ጠየቋቸው፤ መልሱ ከአፋቸው እስኪወጣ ትዕግሥታቸው አልቆ «ይሄ ልጅ ይቀልድብኛል» ብለው ከክፍል አስወጧቸው። በማግስቱ አዋላጇ አያታችን የሥራ ጋውናቸውን እንኳ ሳያወልቁ ልጃቸውን ይዘው ክፍል ገቡ፤ ወንበር ስበውም ከጎናቸው ተቀመጡ። መምህሩ ዳግመኛ ጠየቁ፤ ሌሎቹ ተማሪዎች መሳቅ ጀመሩ። አያታችን እጃቸውን አነሡና «ቆይ እስቲ፣ ይጨርስ!» አሉ። መምህርን እንዲህ መናገር ነውር ነበር፤ ነገር ግን የመምህሩን ሁለት ልጆች ያዋለዱ እርሳቸው ነበሩና ማን ደፍሮ ይቆጣቸዋል? አባታችንም ስማቸውን ተናግረው ጨረሱ። አያታችን ያን ሳምንት ሙሉ ከዚያ ወንበር አልተነሡም።

ሁለተኛ ደረጃን በጥሩ ውጤት አጠናቀው መምህራን ማሠልጠኛ ሲያመለክቱ «በዚህ አንደበት እንዴት ታስተምራለህ?» ተባሉ። ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ ለዐሥራ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ በማስተማር መልሱን ሰጡ። ተማሪዎቻቸው እንደሚሉት፣ የእርሳቸው ክፍለ ጊዜ ሁልጊዜ ከደወሉ በኋላም ይቀጥል ነበር፤ ግን ማንም ቀድሞ አይወጣም።

በ1972 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ከነበሩት እናታችን ጋር ተጋቡ። ጥያቄው የቀረበው በመጻሕፍት መደርደሪያዎቹ መካከል ሲሆን፣ አባታችን ገና «ታ... ታገ...» ላይ እንደደረሱ እናታችን «እሺ» አሉ። አባታችን ግን «ቆይ እስቲ፣ ልጨርስ» ብለው እስከ ጫፉ ጠየቁ፤ እናታችንም እንደገና «እሺ» ማለት ግድ ሆነባቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ እናታችን የባለቤታቸውን ንግግር ከአፋቸው ነጥቀው አያውቁም።

በ1984 ዓ.ም. ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ተዛውረው የተማሪዎች መብትና ድጋፍ ክፍል ኃላፊ ሆኑ። ቢሯቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ መስኮቱ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ነውና የሚያለቅስ ወላጅ ገና ከአውቶቡስ ሲወርድ ያዩት ነበር። መነጽር ለሌለው መነጽር፣ በክራንች ለምትሄደው ምድር ቤት ያለ ክፍል፣ ታሞ ለተኛው ቤቱ ድረስ የሚሄድ አስተማሪ ሲያፈላልጉ ይውላሉ። የዲሲፕሊን ኮሚቴውን የሚሰበስቡትም እርሳቸው ነበሩ። በፊት ተከሳሹ ተማሪ በረጅሙ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ነበር የሚጠየቀው። አባታችን በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ወንበር አስገቡ፤ አንዱ ለተማሪው፣ አንዱ ከጎኑ ለሚቀመጥ ወላጅ።

በ1991 ዓ.ም. የሆነውን ሳንናገር ማለፍ አንችልም። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በየቀኑ አጥር ዘላ ትወጣለች፣ ሊይዛት የሞከረውንም ጥበቃ ነክሳለች ተብላ፣ ጨርሳ እንድትባረር ኮሚቴው ፊት ቀረበች። ከጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ለምን እንደምትወጣ ብትጠየቅ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። የትምህርት ቤቷ ምክትል ርእሰ መምህር «ዝምታዋ ራሱ መልስ ነው፤ እንወስን» አሉ። ደንቡም ወላጅ ባይመጣ መወሰን ይፈቅድ ነበር፤ የኮሚቴው አባላትም ምሳ ሰዓት እየደረሰባቸው ነበርና እጃቸውን ለማውጣት ተዘጋጁ።

አባታችን ከሰብሳቢው ወንበር ተነሡ። ጠረጴዛውን ዞረው ሄዱና ባዶው ወንበር ላይ፣ ከልጅቷ ጎን ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ ቦታዎ እኮ እዚህ ነው» ቢሏቸው፣ «ቆ... ቆይ እስቲ፤ እዚህ ሰው የለም» አሉ። ሰብሳቢ የሌለው ኮሚቴ ደግሞ መወሰን አይችልም። እርሳቸው ልጅቷን አንድም ነገር አልጠየቋትም፤ ዝም ብለው ጠበቁ። ከብዙ ቆይታ በኋላ «እማዬን ላገላብጣት ነው» አለች። እናቷ ሽባ ሆነው አልጋ ላይ ነበሩ፤ እኩለ ቀን ላይ ጎን ካልቀየሩ ገላቸው ይቆስላል፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ይህን እስከዚያ ቀን ያልተናገረችው ከእናቷ ነጥለው የሚወስዷት መስሏት ነው።

ልጅቷ አልተባረረችም። ምሳ ሰዓት በበሩ ወጥታ እንድትመለስ ተፈቀደላት፤ በሩን የሚከፍትላትም ያው የተነከሰው ጥበቃ ነበር። አባታችን ግን ወገን ይዘዋል ተብለው ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው፤ ከኃላፊነታቸውም ተነሥተው ምድር ቤት፣ ከመጋዘኑ አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ተሰጠቻቸው። ሰው ሲያዝንላቸው «ይ... ይሻላል፤ ለወላጅ ደረጃ መውጣት ቀረለት» ይሉ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከፍቷቸው ነበር፤ እናታችን ያውቃሉ። ቢሆንም ወላጅ የሌለው ተማሪ በቀረበ ቁጥር ያው ኮሚቴ «ጋሼን ጥሯቸው» ይል ጀመር፤ በ2006 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡም ያ የጎን ወንበር የእርሳቸው ሆነ።

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውንና አንደበታቸውን ያዘባቸው። ያን ጊዜ እኛ ልጆቻቸው ያስተማሩንን ሁሉ ረሳነው። አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር «ውኃ ነው? ትራስ ነው? መስኮቱ ይዘጋ?» እያልን እንሻማባቸዋለን፤ እርሳቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ እኛ «ደከማቸው» እንላለን። እናታችን ብቻ ምንም ሳይገምቱ ራስጌያቸው ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ ግን የእኛ ጫጫታ መች ፋታ ይሰጣል።

ያቺ አጥር ዘላይ ልጅ ዛሬ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። መታመማቸውን ሰምታ መጣች፤ ከዚያም ማንም ሳይጠራት በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ታገላብጣቸው ነበር። ገላቸው ሳይቆስል እስከ መጨረሻው የቆዩት በእርሷ እጅ ነው፤ ውለታዋ ከባድ ነው። ሊያርፉ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው አባታችን አፋቸውን ከፈቱ፤ እኛም እንደ ልማዳችን ግምታችንን ማዥጎድጎድ ጀመርን። እርሷ እጇን አነሣችና «ቆይ እስቲ፣ ይጨርሱ!» አለች።

አባታችን ታገሉ፤ ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው፤ ማናችንም ቃል አላቀበልናቸውም። በመጨረሻ ጨረሱት። «ለ... ለእናታችሁ... ወንበር አምጡላት» አሉ።

ያን ጊዜ ገና ዘወር ብለን አየን። ወንበሩን ሁሉ እኛና ጠያቂው ይዘነው፣ እናታችን ያን ሁሉ ቀን ቆመው ነበር። አፍረን ወንበር አመጣን፤ እናታችንም ከአባታችን ጎን ተቀምጠው እጃቸውን ያዙ።

አባታችን ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ እናታችን ከዚያው ወንበር ሳይነሡ፣ በተወለዱ በ70 ዓመታቸው ዐረፉ። ከባለቤታቸው ጋር ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጆች፣ አራት የልጅ ልጆችም አፍርተዋል። ትንሿ የልጅ ልጃቸው እንደ እርሳቸው ትንተባተባለች። እስክትጨርስ እንጠብቃታለን።

አባታችን፣ በጣም ናፍቀውናል። አምላክ ነፍስዎን ከደጋጎቹ ጎን ያስቀምጥልን፤ የሚነግሩት ነገር ካለዎትም፣ እስኪጨርሱ ይጠብቅዎ።